የቤት ገመናና ያልተፈታ ወንጀል፦ ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ስለመጻፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቤተሰብ ምስጢር ላይ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለመጻፍ የተነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ሥነ ልቦናዊ ትሪለር ከወንጀል ምርመራ ልቦለድ በምን ይለያል?

በምርመራ ልቦለድ ውስጥ መርማሪው ከውጭ ይመጣል፣ ፍንጭ ይለቅማል፣ ቋጠሮውን ፈትቶ ይሄዳል። ሲገባ የነበረውን ሰው ሆኖ ይወጣል። በሥነ ልቦናዊ ትሪለር ግን ጠያቂዋ የነገሩ አካል ናት። እናቷን የምትጠረጥር ልጅ ያገኘችው መልስ ሁሉ የገዛ ልጅነቷን ይለውጥባታል። የሚያስፈራትም ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሻይ እየቀዳላት «ተሳስተሻል፣ እንደዚያ አልነበረም» የሚላት ነው።

ወንጀሉ አንድ ቀን ተፈጽሞ አልቋል። መደበቁ ግን በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የዚህ ዘውግ ጉዳይም ይኸው ሥራ ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ነጥብ ይመዘዛሉ።

ምን ያህል ርዝመት ይኑረው?

ለረጅም ልቦለድ ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቃላት የተለመደ ነው። አጭር ልቦለድ ከሆነ አንድ ምስጢር፣ ሦስት ሰውና አንድ ቤት ይበቃል፤ በአጭር ልቦለድ ውስጥ ሁለተኛ ምስጢር ሲገባ የመጀመሪያው ይሞታል።

ከምን ልጀምር፣ ከወንጀሉ ወይስ ከቤተሰቡ?

ከወንጀሉ ቀን። አንባቢ የማያየው፣ ለራስዎ ብቻ የሚሆን አንድ ወረቀት ያዘጋጁና ወንጀሉ ከመፈጸሙ 6 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 12 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በየ15 ደቂቃው ይከፋፍሉት። ማን የት ነበር? ከቆመበት ቦታ ምን ይታየው ነበር? መብራት በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? በር የተዘጋው ከውስጥ ነው ከውጭ? ይህ ወረቀት ሳይኖር የተጀመረ ልቦለድ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ይሰናከላል፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም የሞተው ሰው በዚያ ሰዓት ስልክ ያነሳል።

ሁለተኛው ወረቀት የመደበቂያ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አራት ዓምድ ያስምሩ፦ የሚያውቀው፣ ሌሎች ያውቃል ብለው የሚያስቡት፣ የሚፈራው፣ ምስጢሩን ለመጠበቅ በየቀኑ የሚያደርገው። ትዕይንት የሚወልደው አራተኛው ዓምድ ነው። አባት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሲታጠብ እንኳ ከአንገቱ አያወልቅም። እናት ስልኩ ሁለተኛ ጊዜ ሳይጮኽ ታነሳለች። ታላቅ ወንድም ማንም ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ከክፍሉ አይወጣም፤ ማን ምን እንዳለ መስማት አለበት። እንዲህ ያሉ አሥር ልማዶች ካሉዎት መጽሐፉ ተጀምሯል። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ገጸ ባሕርይ ካለ ግን ወይ ምስጢሩን አያውቅም፣ ወይ ከታሪኩ መውጣት አለበት።

እንዴት ያለ ምስጢር ነው ሙሉ መጽሐፍ የሚሸከም?

ቢያንስ ሁለት ሰው የሚያውቀው። አንድ ሰው ብቻውን የያዘውን ነገር «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ወደ መቃብር ሊወስደው ይችላል። ሁለት ሰው ሲያውቅ ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ይፈራል፣ ይለማመጣል። ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሳያውቅ ያንን መፈራራት ወርሶ ያድጋል፤ በአብዛኛው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ይህችው ሦስተኛዋ ናት።

ሌላው መመዘኛ ምስጢሩ የተያዘበት ምክንያት ነው። ለገንዘብ ብቻ የተደበቀ ነገር ሲገለጥ አንባቢ «እሺ» ብሎ ያልፋል። ለፍቅር ሲባል የተደበቀ ነገር ሲገለጥ ግን ፍቅሩም አብሮ ይጠረጠራል። በተጨማሪ ለቀሩት ዘመዶች ከወንጀሉ ጋር ምንም የማይገናኝ የየራሳቸው ትንሽ ገመና ይስጧቸው፤ የተደበቀ ዕዳ፣ ከሌላ የተወለደ ልጅ፣ ከሥራ የመባረር ጉዳይ። እነዚህ ሰዎች መርማሪውን የሚዋሹት የራሳቸውን ጉድ ለመሸፈን ነው፤ አንባቢ ግን ውሸታቸውን ከወንጀሉ ጋር ያያይዘዋል። ጥሩ አሳሳች ፍንጭ ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለውም።

ስንት ሰው ይበቃል? ዝምድናውንስ እንዴት ልቆጣጠር?

ከ5 እስከ 7 ሰው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንባቢ አጎትን ከአክስት ባል መለየት ያቅተዋል። ዝምድናውን ለመያዝ የቤተሰብ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የቤተሰብ ሥዕል፣ ጄኖግራም የሚባለውን፣ ይሳሉ። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይወከላሉ፤ የሞተ ሰው ምልክቱ ላይ ኤክስ ይደረግበታል፤ በጠብ የሚተያዩ ሁለት ሰዎች በዚግዛግ መስመር ይገናኛሉ። ሦስት ትውልድ ይበቃል። ከዚያ በሌላ ቀለም ምስጢሩን የሚያውቁትን እርስ በርስ ያገናኙ። አዲሱ መስመር ከዝምድናው መስመር ጋር ፍጹም ከገጠመ ሴራው ደካማ ነው፤ ምስጢሩ እናትን ከምራቷ፣ አያትን ከትንሹ ልጅ ጋር ሲያስር ነው ነገር የሚመጣው።

ወንጀሉ ለዓመታት ሳይፈታ መቅረቱን እንዴት አሳማኝ ላድርግ?

ፖሊሶቹን ሰነፍ በማድረግ አይደለም፤ አንባቢ ይሰለቻል። ወንጀል ሳይፈታ የሚቀርባቸው ተራ ምክንያቶች አሉ። ቤተሰቡ «በራሱ ፈቃድ ነው የሄደው» ስላለ የመጥፋቱ ሪፖርት ዘግይቶ ይደርሳል። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው ከድንጋጤም ከሐፍረትም የተነሳ ወለሉን ያጸዳል። አስከሬን አይገኝም። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው «ቤት ነበረ» ብለው ይመሰክራሉ። ወይም መርማሪው አንድ ተጠርጣሪ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሌላውን ማየት ይተዋል። ከእነዚህ ሁለቱ ሲደራረቡ ያሳምናሉ፤ አምስቱም ሲደረደሩ የደራሲው እጅ ይታያል።

ያልሠራውን ወንጀል የሚያምን ሰው ለልቦለድ የተፈጠረ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። በእንግሊዝ ሌስተርሻየር እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች በተገደሉበት ጉዳይ አንድ ወጣት አንደኛውን ግድያ አምኖ ነበር፤ ነፃ ያወጣው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ በአካባቢው ያሉ ወንዶች ሁሉ የደም ናሙና እንዲሰጡ ሲጠየቁ የሥራ ባልደረባውን በእሱ ስም ልኮ አስሰጠ። ምስጢሩን ያወጣው ይኸው ባልደረባ ነው፤ ለጓደኞቹ አወራው፣ ከሰሙት አንዷ ለፖሊስ ተናገረች፣ ፒችፎርክም እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት። ቤተ ሙከራው መንገዱን ጠረገ፤ የያዘው ግን ሁለተኛ ሰው የሚያውቀው ምስጢር ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ማስረጃ ሊገኝ ይችላል?

መጀመሪያ የዚህን ዘውግ ልዩ ችግር ይረዱ፦ ወንጀሉ የተፈጸመው በቤት ውስጥ ከሆነ አሻራና ፀጉር ምንም አያስረዱም፤ ሁሉም እዚያው ይኖር ነበርና። አሻራ መቼ እንዳረፈም አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይናገርም። የሚያስረዳው መገኘት የሌለበት ቦታ የተገኘ አሻራ ነው፤ ለምሳሌ ቆሻሻ መጣያ ከረጢት በታሸገበት ፕላስተር የሚጣበቀው ፊት ላይ። ወረቀት ላይ ያረፈ አሻራ በደህና ከተቀመጠ ለአስርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ኒንሃይድሪን የሚባለው ኬሚካል በላቡ ውስጥ ካለው አሚኖ አሲድ ጋር ተዋህዶ ሐምራዊ አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ አሮጌ ደብዳቤ ከአሮጌ ቢላ የተሻለ የልቦለድ ዕቃ ነው፤ በምራቅ የተለጠፈው ቴምብርም ዲኤንኤ ሊይዝ ይችላል።

የታጠበ ደም በሉሚኖል ሊታይ ይችላል። ፈሳሹ በደሙ ውስጥ ባለው ብረት አማካኝነት በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ብርሃኑ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ስለሚጠፋ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አስቀድሞ መትከል አለበት። በረኪናና መዳብም ያበሩታል። ስለዚህ ሉሚኖል ስላበራ ብቻ «ደም ነው» የሚል ባለሙያ ከጻፉ ሌላ ባለሙያ ይስቅብዎታል። ለደራሲ ግን ይህ ጥሩ በር ነው፦ ወለሉን በየሳምንቱ በበረኪና የምትወለውል እናት ጽዳት ወዳድ ናት ወይስ ሌላ?

ዲኤንኤን ለመለያነት መጠቀም የተጀመረው የዘረመል ሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ካገኘው ግኝት በኋላ ነው። ታሪክዎ ከዚያ በፊት የሚነሳ ከሆነ ማስረጃውን የሰበሰቡት ሰዎች ይህንን አላሰቡም፤ በባዶ እጃቸው ነክተውት ሊሆን ይችላል።

ምስጢሩ አሁን ለምን ይወጣል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ለዚህ ዘውግ አይሠራም፤ በራሱ ጊዜ የጠራ እውነት ሴራ አይሆንም። የሆነ ነገር የመደበቁን ሥራ ማሰናከል አለበት። ዋና ደባቂው ይሞታል፣ አእምሮው ይደክማል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ በየዋህነት የዘር ምርመራ ያደርጋል።

የመጨረሻው በእውኑ ዓለምም ሆኗል። በካሊፎርኒያ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተከታታይ ወንጀል የፈጸመው ጆሴፍ ዲአንጀሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የተያዘው የሩቅ ዘመዶቹ የዘር መረጃ በድረ ገጽ ላይ ስለነበረ ነው፤ መርማሪዎቹ ከዚያ ተነስተው የዘር ሐረጉን ወደ ታች ሠሩ። ልቦለድ ውስጥ ሲያስገቡት ቁጥሩን አይሳቱ፦ ሙሉ ወንድማማቾች በአማካይ 50 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ 25 በመቶ፣ የአክስትና የአጎት ልጆች 12.5 በመቶ ዘረመል ይጋራሉ። «እህትሽ» የተባለችው 25 በመቶ ብቻ ስትገጥም ማንም ምንም ሳይናገር ቤቱ ይናወጣል።

ወንጀሉ በይርጋ ቢታገድ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ቢያልፍ፣ ታሪኩ አይሞትም?

እንዲያውም ሊጦዝ ይችላል። ግድያ በይርጋ የማይታገድባቸው አገሮች አሉ፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጃፓን በ2010 የግድያን ይርጋ አንስተዋል። ማስረጃ የደበቀ ወይም የተባበረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ነው። እንግዲህ ያስቡት፦ የረዳችው እናት ነፃ ናት፣ የገደለው ልጅ ግን አይደለም። ለ20 ዓመት እኩል የታሰሩበት ገመድ አንደኛው ጫፉ ተፈታ። ታሪኩን የሚያኖሩበትን አገር ሕግ ግን ከመጻፍዎ በፊት ያንብቡ፤ በግምት የተጻፈ ይርጋ የመጽሐፉን ግማሽ ያፈርሳል።

ገጸ ባሕርይዋ የራሷን አእምሮ እንድትጠራጠር እንዴት ላድርግ?

በትንሹ ይጀምሩ። ትልቁን ነገር አስቀድሞ የሚክድ ሰው ወዲያው ይነቃበታል። ማንም ሊሳሳትበት ከሚችል ዝርዝር ይነሱ፦

«ያን ቀን ዝናብ ነበር እኮ፣ እማዬ።»
«ዝናብ አልነበረም። ትኩሳት ይዞሽ ተኝተሽ ነበር።»
«ጫማዬ ጭቃ ነበረው።»
«እሱ የሌላ ቀን ነው፤ ትደባልቂያለሽ። ነይ ተቀመጪ፣ ፊትሽ ገርጥቷል።»

እናትየዋ አልጮኸችም፤ ማስተባበያውን ከእንክብካቤ ጋር አቀረበችው። ትኩሳቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነት ሲቀላቀልበት ውሸቱ ይጠነክራል። ከጥቂት ምዕራፍ በኋላ ሌላ የቤት ሰው ሳይጠየቅ «አንቺ እኮ ያኔ ታመሽ ነበር» ይበል። ያኔ ልጅቷ ትዝታዋን ትለቃለች፣ አንባቢውም አብሯት ይለቃል። በመጨረሻ ጭቃ ያለበት ጫማ ካልተገኘ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

የተረሳ ትዝታ ድንገት ቢመለስና ወንጀሉን ቢፈታው?

ይቅርብዎ። ሽታ ሸተተ፣ መብራት ብልጭ አለ፣ ሁሉም ነገር እንደ ፊልም ታየኝ የሚለው መፍትሔ የደራሲ ድካም ምልክት ነው፤ ትዝታም እንዲያ አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አይተዋል። 50ዎቹ መኪኖቹ «ሲጨፈላለቁ» ፍጥነታቸው ስንት እንደነበረ ተጠየቁ፣ ሌሎች 50 ደግሞ «ሲጋጩ» በሚል ቃል። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲባሉ ከመጀመሪያዎቹ 16፣ ከሁለተኛዎቹ 7 ሰው «አዎ» አለ። በፊልሙ ውስጥ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ቃል ይህን ካደረገች፣ 20 ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሲደጋገም የኖረ ትረካ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ዕድሜም አለ። ብዙ ሰው ከ3 ዓመቱ በፊት የሆነውን አያስታውስም፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ያየውን ግድያ አድጎ በዝርዝር ሲተርክ ማንም አያምንም። ትዝታን የጥርጣሬ መነሻ አድርጉት፣ ማረጋገጫውን ግን ከዕቃ፣ ከሰነድ ወይም ከሌላ ሰው አምጡ።

ተራኪዬ ቢዋሽ አንባቢን ማጭበርበር አይሆንም?

የማይታመን ተራኪ የሚለውን መጠሪያ ሃያሲው ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ካስተዋወቀው ወዲህ ጥያቄው አልቆመም። የሚሠራው ድንበር ይህ ነው፦ ተራኪው ሊያልፍ፣ ሊያሳንስ፣ ራሱን ሊያታልል ይችላል፤ ያልሆነን ድርጊት በአንደኛ መደብ «አደረግሁ» ብሎ ያለ ምክንያት ከተረከ ግን አንባቢ መጽሐፉን ይወረውራል። «በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሲነጋ ተመለስኩ።» በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ሙሉ ሌሊት አለ። ምንም አልዋሸም። ሁለተኛ የሚነበብ መጽሐፍ የሚሠራው በእንዲህ ያለ ክፍተት ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልቦለድ ካወጣቸው አሥር ሕጎች ዛሬ አብዛኞቹ ለፈገግታ የሚነበቡ ናቸው፤ አንዱ ግን አላረጀም፦ አንባቢ አስቀድሞ ሳይዘጋጅለት መንትያ አይመጣም።

ፍንጭን ፊት ለፊት አስቀምጦ እንዴት ይደበቃል?

በዝርዝር መሀል ያስገቡት፣ ወዲያው ደግሞ የአንባቢን ዓይን የሚስብ ነገር ያስከትሉ። «አያትየዋ መሳቢያውን ሳበች። መቀስ፣ ያለቀ ሻማ፣ ሁለት የመነጽር ቤት፣ የተጣመመ ማንኪያ። መርፌው የለም። ልትጣራ አፏን ስትከፍት ትንሹ ልጅ ከደረጃው ተንከባለለ።» በዚያ ቤት መነጽር የምታደርገው አያትየዋ ብቻ ናት። ሁለተኛው የመነጽር ቤት የማን ነው? አንባቢ አይጠይቅም፣ ልጁ ወድቋላ።

አንድ ፍንጭ ሦስት ጊዜ ብቅ ይበል፦ መጀመሪያ እንደ ዋዛ፣ ሁለተኛ በሌላ ሰው አፍ፣ ሦስተኛ ሲገለጥ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ 100 ገጽ ይኑር። ብዙዎች የሚሳሳቱት ፍንጩን በአንቀጽ መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጡት ነው፤ የአንቀጽ መጨረሻ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ምልሰት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ፣ ልጠቀም?

አሁን ያለው ትዕይንት ያለ እሱ የማይገባ ከሆነ ብቻ። ሁለት ዘመን እያፈራረቁ የሚጽፉ ከሆነ የድሮው ክፍል የአሁኑን ጥያቄ እንዲመልስ አያድርጉ፤ ያወሳስበው።

የገዛ ቤተሰቤን ወይም እውነተኛ ወንጀል መነሻ ባደርግስ?

ስም መለወጥ አይበቃም። ሙያው፣ የቤቱ አሠራር፣ የልጆቹ ብዛት፣ የሞቱ አኳኋን አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውየው ይታወቃል፤ በሕይወት ያለን ሰው ወንጀለኛ አስመስሎ ማቅረብ በስም ማጥፋት ሊያስከስስ ይችላል። «ልብ ወለድ ነው» የሚል ማስታወሻ ሁልጊዜ አያድንም። ከእውነቱ የሚጠቅመው ድርጊቱ ሳይሆን መፈራራቱ ነው፦ የትኛው ርዕስ ሲነሳ ማን ሳህን ማንሳት ይጀምር ነበር? ያንን ወስደው በሌላ ቤት፣ በሌላ ወንጀል ላይ ይትከሉት።

ወንጀሉ መጨረሻ ላይ መፈታት አለበት?

ለአንባቢ አዎ፣ ለፖሊስ ግን የግድ አይደለም። አንባቢ ማን እንደገደለ ሳያውቅ ከዘጋው ተታልሏል። ቤተሰቡ አውቆ ዝም ሊል ግን ይችላል፤ ያኔ ምርመራ የጀመረችው ልጅ ራሷ አዲሷ ደባቂ ትሆናለች፣ የአባቷን ቁልፍ አንገቷ ላይ ታጠልቃለች። ገዳዩ ቁጭ ብሎ አሥር ገጽ የሚናዘዝበትን መጨረሻ ግን አይጻፉ። ኑዛዜው ከአንድ ገጽ ካለፈ፣ ቀድሞ በትዕይንት መታየት የነበረበት ነገር አለ ማለት ነው።

የሙከራ አንባቢዎቼ ገዳዩን ቀድመው ደረሱበት። ገዳዩን ልቀይር?

አይቀይሩ። ገዳይ ሲቀየር የተዘራው ፍንጭ ሁሉ ይበላሻል፤ አዲሱ ሰው ደግሞ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። መጀመሪያ መቼና በምን እንደ ደረሱበት ይለዩ። ለአምስት አንባቢ ረቂቁን ሲሰጡ በየሲሶው መጨረሻ ላይ አቁመው የሚጠረጥሩትን ሰውና ምክንያታቸውን በአንድ መስመር እንዲጽፉ ይጠይቁ። አንብበው ከጨረሱ በኋላ አይጠይቋቸው፤ ሁሉም «አውቄው ነበር» ይላል።

አራቱ በመጀመሪያው ሲሶ ላይ አንድን ፍንጭ ከጠቀሱ ያንን ፍንጭ ከአንቀጹ መጨረሻ አንስተው ወደ መሀል ይውሰዱት። ምክንያት ሳይሰጡ «እሱ ይመስለኛል» ካሉ ችግሩ ሌላ ነው፦ ያ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሌላ ሥራ የለውም። የሚጨነቅበት ልጅ፣ የሚያስታምማት ሚስት፣ የሚሸሸው አበዳሪ ይስጡትና ረቂቁን ለሌላ አምስት ሰው ይስጡ። በሦስተኛው ሲሶ ላይ የደረሱበት ከሆነ ግን ምንም አይንኩ፤ አንባቢ መልሱን ከገጸ ባሕርይዋ አሥር ገጽ ቀድሞ ሲያውቅ «ኧረ አትግቢ» እያለ ነው የሚያነበው።